ሕመም በቍጥርና ሕመም በግሥ፦ በማክጊል የሕመም መጠይቅ ላይ የቀረበ ሒስ

ይህ ጽሑፍ ሒስ የሚያቀርበው በልብ ወለድ ወይም በታሪክ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን በአንድ የሆስፒታል ቅጽ ላይ ነው። ቅጹ «የማክጊል የሕመም መጠይቅ» ይባላል። የሞንትሪያሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «ፔይን» በተሰኘው መጽሔት ያሳተመው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ የታማሚን ሕመም ዐይነትና መጠን ለመለየት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል ስመ ጥር ለመሆን በቅቷል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ የቋንቋ ጥናት ነው። ይሁንና ይህ መሣሪያ ከመርፌና ከመነጽር ሳይሆን ከቃላት የተሠራ ስለ ሆነ፣ የቃላት ሰው ቢመረምረው እንደ ድፍረት የሚቈጠር አይመስለኝም። ለምርመራው የገፋፋኝ ግን ሙያዬ ብቻ አይደለም፤ አንድ የሠራሁት ስሕተት ስላለ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልጆቻቸው ሥራ የዋሉባቸውን አንዲት በዕድሜ የገፉ የሀገሬን ሰው ለማስተርጐም ወደ ሐኪም ቤት አብሬ ሄድሁ። የስኳር በሽታ ካደረባቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሐኪሟ ሕመማቸው ምን ዐይነት እንደ ሆነ ጠየቀች። «እማማ፣ ሕመምዎ ምን ዐይነት ነው ትላለች» አልኋቸው። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ውስጥ እግሬን ያንገበግበኛል፤ ይወርረኛል፤ ስረግጠው ደግሞ የእኔ እግር አይመስለኝም» አሉኝ። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ስለ አማርኛ ግሥ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ዘወር ብዬ «እግራቸውን ያማቸዋል» ብዬ ተረጐምሁ። ሐኪሟ ቀጥላ ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢለካ ስንት እንደሚሆን ጠየቀች። እማማ ግራ ገባቸው። «ይኸ ደሞ እንዴት ተብሎ ይቈጠራል? አንተ የመሰለህን በልልኝ፤ ሴትዮዋን አናስቸግራት» አሉ። አራት አልሁ። አራት ተብሎ ተጻፈ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘውን የተለመደ ክኒን ይዘን ወጣን፤ እማማም ክኒኑን እየዋጡ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው እያነጉ ሰባት ወር ከረሙ።

የጣልሁት ምን እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሐኪሞች ዛሬ ሕመምን በሦስት ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ሥጋ ሲቈስል፣ ሲያብጥ ወይም አጥንት ሲሰበር ጤነኛው ነርቭ የሚያደርሰው መልእክት ነው። ሁለተኛው ነርቩ ራሱ ሲጐዳ የሚፈጥረው ሕመም ሲሆን፣ ሦስተኛው ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2017 ስም ያወጣለት፣ የቈሰለ ሥጋም የተጐዳ ነርቭም በግልጽ ሳይታይ የሕመም ስሜቱ ሥርዐት ብቻ የተዛባበት ነው። ክፍፍሉ ለመጽሐፍ ውበት የተደረገ አይደለም፤ ለመጀመሪያው የሚሰጠው ክኒን ለሁለተኛው እምብዛም አይረዳም። የነርቭን ሕመም ከሌላው ለመለየት በ2005 በፈረንሳይ የተዘጋጀው ባለ ዐሥር ነጥብ መጠይቅ፣ ታማሚውን ያቃጥልህ እንደ ሆነ፣ የሚያም ቅዝቃዜ ይሰማህ እንደ ሆነ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርህ፣ ይወርርህ፣ ጠቅ ጠቅ ያደርግህ፣ ይደነዝዝህ፣ ያሳክክህ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሦስቱን ቀሪ ነጥቦች ሐኪሙ ቆዳውን ነካክቶ ይሞላቸዋል። ከዐሥሩ አራት ከተገኘ የነርቭ ሕመም ይጠረጠራል። እማማ በአንድ ትንፋሽ ማቃጠሉን፣ መውረሩንና መደንዘዙን ነግረውኝ ነበር። እኔ ሦስቱን ግሦች «ያማቸዋል» በሚል አንድ ግሥ ቀበርኋቸው።

ወደ ቅጹ እንመለስ። ሜልዛክ ለሕመም ቃላት ያደረበት ፍቅር የተጀመረው በ1950ዎቹ፣ ኦሪገን ውስጥ በነበረበት ወቅት፣ እግራቸው ከተቈረጠ በኋላ በሌለው እግራቸው የሚሠቃዩ አንዲት አሮጊት ሕመማቸውን ሲገልጹ በሰማ ጊዜ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። ቃላቱን እየለቀመ አከማቸ፤ በ1971 ከዋረን ቶርገርሰን ጋር በመሆን በየዘርፋቸው ከፋፈላቸው፤ በመካከሉ በ1965 ከፓትሪክ ዎል ጋር በ«ሳይንስ» መጽሔት ያወጣው የ«በር» ንድፈ ሐሳብ፣ ሕመም ከቍስሉ ወደ አእምሮ የሚሮጥ ቀጥተኛ ደወል ነው የሚለውን አሮጌ እምነት ነቅንቆታል። መጠይቁ 78 ቃላት በ20 ረድፍ ተደርድረውበታል። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ረድፎች ስሜትን፣ ቀጣዮቹ አምስት ድካምንና ፍርሀትን የመሰለውን የነፍስ ምላሽ፣ አንዱ ጠቅላላ ፍርድን ይመለከታሉ፤ የቀሩት አራት ልዩ ልዩ ናቸው። ከየረድፉ ታማሚው ቢበዛ አንድ ቃል ይመርጣል፤ ቃሉ በረድፉ ውስጥ ያለው ተራ ነጥቡ ይሆናል።

ይህን ሥራ አላቃልልም። ከእርሱ በፊት ሐኪሙ የሚጠይቀው «ምን ያህል?» ብቻ ነበር ቢባል ብዙም አያጋንንም፤ «እንዴት ያለ?» የሚለው ጥያቄ ክብር ያገኘው በዚህ ቅጽ ነው። ነቀፌታዬ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቅጹ ሕመምን ስም አድርጎ ቃላቱን በቅጽልነት ያስከትላል፤ ሕመሙ ስለታም፣ ደብዛዛ፣ ከባድ፣ የሚወጋ፣ የሚቈርጥ እየተባለ ይቈጠራል። ታማሚው አንድ ነገር «አለው»፤ ነገሩም ጠባይ አለው። ይህ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንጂ የሕመም ተፈጥሮ አይደለም። አማርኛ ሌላ መንገድ ይዟል። ሆዴን ቈረጠኝ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ጕልበቴን ቈረጠመኝ፣ ቍስሌን ጠዘጠዘኝ፣ ዐይኔን ቈረቈረኝ፣ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ እንላለን። ግሡ አድራጊ አለው፤ አድራጊው ግን ስም የለውም። ታማሚው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ የታመመው አካልም ሁለተኛ ተሳቢ ሆኖ አብሮት ይመታል። ስሞቹ እንኳ የተወለዱት ከእነዚሁ ግሦች ነው፤ ውጋት ከወጋ፣ ቍርጠት ከቈረጠ፣ ፍልጠት ከፈለጠ፣ ቍርጥማት ከቈረጠመ፣ ራስ ምታት ከመታ። ጦር፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ጥርስና ዱላ በየስሙ ውስጥ ተደብቀዋል። (የስም አልባው አድራጊ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አንዱ ብርድን፣ ሌላው ምችን፣ ሌላው መጋኛን ያስቀምጥበታል። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።)

ኢሌን ስካሪ በ1985 ባሳተመችው ስለ ሥቃይ ላይ ያለ ሰውነት በሚተነትነው ዝነኛ መጽሐፏ፣ ሕመም ቋንቋን ያፈርሳል፣ ታማሚውም ሕመሙን ለመግለጥ ሲፈልግ «እንደዚህ ያለ መሣሪያ የወጋኝ ይመስል» እያለ በምሳሌ ከመናገር ሌላ አማራጭ የለውም የሚል ክርክር አቅርባለች፤ የሜልዛክንም መጠይቅ ለዚህ ዝምታ እንደ መጣ መድኃኒት አድርጋ ታመሰግነዋለች። መጽሐፉ ታላቅ መሆኑን ባልክድም፣ በበኩሌ ክርክሩ ከአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ልማድ ተነሥቶ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የተፈረደ ይመስለኛል። የአማርኛው «ወጋኝ» በውስጡ «ይመስል» የለበትም። ባላገሩ ጎኑን ሲወጋው ምሳሌ እየፈለገ አይደለም፤ የሆነበትን ይናገራል። ሕመም ቋንቋን የሚያፈርስበት ጊዜ መኖሩን ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሰማ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ከዚያ ጥግ በፊት ባለው ሰፊ ሜዳ፣ የጐደለው የታማሚው ቃል ሳይሆን የሰሚው ጆሮ የሆነበት ጊዜ ይበዛል። የእኔ ጆሮ ምስክር ነው።

የመጠይቁ ሁለተኛ ድካም በነጥብ አሰጣጡ ላይ ይታያል። በእያንዳንዱ ረድፍ ያሉት ቃላት ከቀላል ወደ ብርቱ የተሰደሩት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪሞች፣ ታማሚዎችና ተማሪዎች በሰጡት ግምት ነው። ቃሉን ተርጕሞ ነጥቡን እንዳለ ማስተላለፍ ሚዛኑን ትቶ ድንጋዩን ብቻ እንደ መሸከም ነው። አማርኛ ብርታትን የሚለየው አዲስ ቃል በመፈለግ ብቻ አይደለም፤ የግሡን መልክ ይለውጣል። «ወጋኝ» ያለ ሰው የሆነበትን ተናገረ። «ውግት አደረገኝ» ካለ ድንገተኛና ብርቱ ነበረ ማለት ነው። «ወጋ ወጋ ያደርገኛል» ካለ ቀለል ያለ፣ እየመጣ የሚሄድ ነው። «ይወጋጋኛል» ካለ ደግሞ እዚህም እዚያም ይነካካዋል። ዎልፍ ሌስላው በ1995 ባሳተመው ትልቅ የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ እነዚህን መልኮች የማጥበቂያና የማለሳለሻ እያለ በሥርዐት ዘርዝሯቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ ብርታት፣ ድግግሞሽና ስርጭት፣ ማለትም ሐኪሙ በሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች የሚያሳድዳቸው ነገሮች፣ በአንድ ግሥ ርባታ ውስጥ ተሰናድተው ይመጣሉ። ተርጓሚው «ያመዋል» ሲል ሦስቱንም ያፈሳቸዋል።

ከዚህ ላይ «ሕመም» ስለሚለው ቃል ራሱ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው በሽታንና የሕመምን ስሜት በሁለት ቃል ይለያል፤ የእኛ «ሕመም» ግን ሁለቱንም ያቅፋል። ስለዚህ «ሕመም አለብዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ «ስኳርና ደም ብዛት» ብሎ ቢመልስ ጥያቄውን በሚገባ መልሷል። የአካል ስሞችም እንዲሁ ወጥመድ አላቸው። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ከጡቱ በታች፣ በጨጓራው ላይ ነው፤ «ኵላሊቴን» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ወገቡን ማለቱ ነው። ያልነቃ አስተርጓሚ የመጀመሪያውን ወደ ልብ ምርመራ፣ ሁለተኛውን ወደ ሽንት ምርመራ ይልካቸዋል። «ይበላኛል» የሚለውንማ ቃል በቃል የተረጐመ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሐኪሙ ምን እንደሚበላቸው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሕመም ምዘና የባህል ገጽ የተነሣ እንደ ሆነ የሚጠቀሰው ማርክ ዝቦሮቭስኪ ነው። በ1952 ባወጣው ጥናት በብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የተኙ የአይሁድ፣ የጣልያንና የነባር አሜሪካውያን ዘሮች ሕመማቸውን እንዴት እንደሚገልጡ አነጻጸረ፤ በ1969 መጽሐፉ አየርላንዳውያንን ጨመረ። ጣልያኑ ሕመሙ እንዲቆምለት፣ አይሁዱ ሕመሙ ለነገ ምን እንደሚያመጣበት ይጨነቃል፤ ነባሩ አሜሪካዊ ስሜቱን ገትቶ ዘገባ ያቀርባል አለ። ለዘመኑ አዲስ ዐይን ነበረ። የተከተሉት መመሪያዎች ግን ሕዝቦችን እንደ ዕቃ መደርደሪያ አደረጓቸው። እኛም «ኢትዮጵያውያን ቻይ ናቸው» የሚል ሙገሳ ሲሰጠን በደስታ እንቀበላለን። ሙገሳው አደገኛ ነው። «እንደምን ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያሉ እናት ሰላምታ መለሱ እንጂ ስለ ሕመማቸው አልመሰከሩም። ከዚህ ላይ ደግሞ ቆዳችን ይጨመራል። በ2000 በታተመ የአትላንታ ጥናት፣ አጥንታቸው ተሰብሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመጡት መካከል ማስታገሻ ያገኙት ነጮች ከመቶ 74፣ ጥቍሮች ከመቶ 57 ነበሩ። በ2016 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ጀማሪ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ፣ የጥቍር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው እንደሚለው ካሉ የሐሰት እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ «ቻይ» መባል ጌጥ አይደለም።

በቍጥር መለካት ከዚህ አድልዎ ያድናል ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የሕመም ማኅበር ሕመም እንደ ትኵሳትና እንደ ደም ግፊት በየጊዜው የሚመዘገብ አምስተኛ የሕይወት ምልክት ይሁን አለ፤ ከ2001 ጀምሮም ምዘናው በየሆስፒታሉ ግዴታ ወደ መሆን ተቃረበ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን ቍጥር መጠየቅ ከመስማት ይልቅ ይቀላል፤ ቍጥሩን ለማውረድ ክኒን ማዘዝ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ኦፒዮይድ የተባሉት ብርቱ ማስታገሻዎች ያስከተሉት ጥፋት በገሃድ ከታየ በኋላ፣ በ2016 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር «አምስተኛ ምልክት» የሚለው አሠራር እንዲቀር ወሰነ። ቍጥሩ ግን በየቅጹ ላይ አለ። እኔ ለእማማ የሰጠሁት አራትም በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በሚያውቁት አንድ ጕዳይ ነገሩን ልፈትነው። በደርግ ዘመን «ወፌ ላላ» ተገልብጠው ውስጥ እግራቸውን የተገረፉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ቍስሉ ከዳነ ከብዙ ዓመት በኋላ ውስጥ እግር የሚያቃጥልና በእርምጃ ጊዜ የሚነዝር መሆኑን ሥቃይ የደረሰባቸውን የሚያክሙ ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል፤ የተባበሩት መንግሥታት በ1999 የተቀበለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮልም የእግር ግርፋትን ምርመራ ለብቻው ይዘረዝራል። ጥገኝነት ለሚጠይቅ ሰው ያ ግሥ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው። ልብ እንበል፤ የተገረፈውና ስኳር ያለባቸው እማማ በአንድ ቃል «ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል» ይላሉ። ግሡ ነርቭ መጐዳቱን ይጠቍማል እንጂ ማን እንደ ጐዳው አይናገርም። ስለዚህ የአማርኛው ግሥ ሁሉን ይፈታል ብዬ አልከራከርም። ከግሡ ቀጥሎ ታሪኩ ሊጠየቅ ይገባል፤ ታሪኩን ደግሞ በልጅ አስተርጓሚነት፣ ልጅን ላለማስጨነቅ እየተጠነቀቁ መናገር አይቻልም። ሲስሊ ሳንደርስ በ1960ዎቹ «ጠቅላላ ሕመም» ያለችው፣ ሥጋን፣ ሐዘንን፣ ብቸኝነትንና እምነትን በአንድነት የሚመለከተው ሐሳብ፣ ከሜልዛክ ሰንጠረዥ ይልቅ ለስደተኛ የሚቀርብ የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ። በሀገር ቤት መድኃኒቱ ሳይኖር ስለ ግሥ መከራከር ቅንጦት አይደለምን? የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በሞርፊን ተሰልቶ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ማስታገሻ ለድኾች ሀገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ይህ የሚያሳፍር ቍጥር ነው፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ክኒን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። መድኃኒት ባነሰበት ቦታ የሕመሙን ዐይነት መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ምን ይደረግ? የማክጊልን 78 ቃላት ማስተርጐም ትተን፣ ሜልዛክ ራሱ እንዳደረገው ከታማሚዎች አፍ መልቀም እንጀምር። ደስታ ተክለ ወልድና ኬን በየመዝገበ ቃላታቸው ብዙውን ሰብስበውልናል፤ የቀረው ግሦቹን ለሐኪም በሚጠቅም መልክ መመደብ፣ የጎጃሙን፣ የወሎውንና የሸዋውን አነጋገር ማስተያየት፣ እያንዳንዱ የግሥ መልክ ምን ያህል ብርታት እንደሚያመለክት ከተናጋሪዎቹ መጠየቅ ነው። ጥያቄውም «ሕመምዎ ምን ዐይነት ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ያደርግዎታል?» ይሁን። ይህን ስል የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በየሆስፒታሉ ለወላጆቻቸው የሚያስተረጕሙት እዚህ የተወለዱ ልጆች «ያመኛል»ን ያውቃሉ፤ «ይጠዘጥዘኛል»ን የሚያውቅ ግን ከተማሪዎቼ መካከል አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም ከአያቱ ጋር ያደገ ነው።

እማማን ወደዚያችው ሐኪም መልሼ ወሰድኋቸው። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ሦስቱን ግሦች አንድ በአንድ አስረዳሁ፤ ሐኪሟም ጣታቸውን በቀጭን ክር እየነካካች መረመረች፤ መድኃኒቱን ወደ ጋባፔንቲን ለወጠችው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ በዚያው ልማድ ቍጥር ጠየቀች። እማማ ወደ እኔ ዞረው «ባለፈው ስንት ነበር ያልሃት?» አሉ። «አራት» አልሁ። «እንግዲያው አራት በላት» አሉኝ። ምን እንደሚያደርጋቸው ደግሜ ጠየቅሁ። «አሁንማ ቃጠል ቃጠል ያደርገኛል» አሉ።